እረኛ ምን አለ?

ድሮ ነገሥታቱና መኳንንቱ አንድ ደግ ልማድ ነበራቸው ይባላል። አገሬው ምን እያሰበ እንደሆነ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ሹም ያማረ ያማረውን ወሬ ያመጣል። ሊቅ ይጠነቀቃል። ሽማግሌም ቃሉን ይመዝናል። እረኛ ግን ከብቱን ተራራው ላይ በትኖ፣ ማን ሰማኝ ማን አልሰማኝ ሳይል፣ የመጣለትን ያንጎራጉራል። እናም ማን እንደተጠላ፣ ማን እንደተወደደ፣ ዘመኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ከእረኛ አፍ ይገኛል ተብሎ ይታመን ነበር።

ልብ በሉልኝ! እረኛ ማለት በእኛ አገር ልጅ ማለት ነው። አሥር ዓመት፣ አሥራ አራት ዓመት፣ ቢበዛ አሥራ ስድስት። ዘውድ የጫነ ሰው የልጅን ቃል እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ ይጠይቅ ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ? ዛሬማ ሠልጥነናል። ትምህርት ቤት አለን፣ ማተሚያ ቤት አለን፣ በየደረጃው የትምህርት ጽሕፈት ቤት አለን። እረኛውንም ከተራራው አውርደን ክፍል አስገብተነዋል፤ ደግ አድርገናል። ግን ካስገባነው በኋላ «ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። የዛሬ ጠቤ ከዚህ ጋር ነው።

በ2015 ዓ.ም. ለገና ላሊበላ ነበርኩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ ከገባ በኋላ፣ ላሊበላ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ከርማለች። ሕዝበ ክርስቲያኑ ግን እንደ ጥንቱ ከየአገሩ በእግሩም በመኪናም ጎርፏል። ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያዜሙ ሰው ሁሉ ያየውን ለጊዜው የረሳ ይመስል ነበር።

ላሊበላ የሄደ ሰው የከተማዋን ልጆች ያውቃቸዋል። ፈረንጅ ሲያዩ «ፔን! ፔን!» ይላሉ። ይህች ቃል በአገራችን የቱሪስት መንገዶች ሁሉ ስትሰማ ኖራለች። ፈረንጆቹም ሻንጣቸው ውስጥ እስክሪብቶ በደርዘን ይዘው መምጣት ለመዱ። ቆይቶ ደግሞ «ልመናን ያስፋፋል፣ አትስጧቸው» የሚል ምክር መጣ። ይሰጥ አይሰጥ በሚለው ላይ ብዙ ተባለ፣ ብዙም ተጻፈ። «ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ እስክሪብቶውን ምን ልትጽፍበት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እኔ አልገጠመኝም።

ያን ሰሞን አንድ አሥራ አራት ዓመት ግድም የሚሆነው ልጅ ለአንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት ታሪክ ሲነግር ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ስብርብር ያለ ነው፣ ታሪኩ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ ከሁለት እኅቶቹ ጋር ተከራይቶ እንደሚማር ነገራቸው። አባቱ በየሁለት ሳምንቱ በአህያ ስንቅ ጭኖ ያመጣላቸው ነበር። አህያዋ በጦርነቱ ተወሰደች። እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ዝም ብሎ ጫማውን አየ። ቆይቶ «እኔ ገንዘብ አልፈልግም፣ መዝገበ ቃላት ነው የምፈልገው» አላቸው።

የመዝገበ ቃላቱን ነገር እናውቃለን። ከሱቅ የተገዛው መጽሐፍ ማታ ተመልሶ እዚያው ሱቅ ያድራል፣ ልጁና ባለ ሱቁ ገንዘቡን ይካፈላሉ እየተባለ ይወራል። የዚህ ልጅ እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ግን የት ላይ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ተማሪ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። እኛ ሦስት ክሬዲት ሰዓት ፈጅተን የማናስተምረውን ይህ ልጅ ከመንገድ ተምሮታል። አድማጩ ግን አላፊ አግዳሚ ቱሪስት ብቻ ነው። በገዛ ቋንቋው «እስቲ ንገረን» ያለው የለም። የፈጠራ ችሎታውን መንዝሮ የሚበላበት አንድ በር ቢያገኝ፣ እሱም ልመና ሆነ። ታዲያ በዚህ የሚወቀሰው ልጁ ነው?

ያረፍኩበት ቤት ደግሞ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ነበረች። አስተማሪ እንደነበርኩ ስትሰማ ደብተር ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ።»

የአማርኛ ደብተር ነው። መምህሯ የሰጣቸው የድርሰት ርዕስ «የሰላም ጥቅም» ይላል። ልጅቱ «ሰላም ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ነው» ብላ አልጀመረችም። የጀመረችው በዶሮ ነው። ከተማውን ለቀው ወደ ገጠር ወደ አያቷ ሲሸሹ ቤት ውስጥ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ነበረቻቸው። እናቷ «ተይያት፣ መንገድ ላይ ጮኻ ታስጨርሰናለች» አለቻት። ልጅቱ እፍኝ ማሽላና በጣሳ ውኃ አጠገቧ አስቀምጣ በሩ ተቆለፈ። ዶሮ በሃያ አንድ ቀን እንደምትፈለፍል ታውቃለች። አያቷ ቤት ሆና ቀን ትቆጥራለች። ሌላው ሰው ሬዲዮ ይሰማል፣ የመድፍ ድምፅ ያዳምጣል፣ እሷ ትቆጥራለች። ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ተነሥታ ለአያቷ «ዛሬ ይፈለፈላሉ» አለቻቸው። አያቷም «ዝም በይ ልጄ» አሏት። ድርሰቱ እዚህ ላይ ያልቃል።

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «ከርዕስ ወጥተሻል። 4/10።»

መምህሩን ልወቅስ አይደለም። ክፍሉን የሞላውን ተማሪ ደብተር በሻማ የሚያርም፣ እሱም ራሱ ከጦርነቱ የተረፈ፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው ነው። እሱም ሲማር እንዲሁ ነው የተነገረው፦ ድርሰት መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ መደምደሚያ አለው፤ ዶሮ የለውም። የምወቅሰው ያንን መምህር ያስተማርነውን እኛን ነው። ለዚህች ልጅ ከቀይ እስክሪብቶው ሌላ መሄጃ ያላበጀንላትን እኛን።

ስለ ጦርነት በዓለም ከተጻፈው ብዙ አንብቤያለሁ። የሰላምን ጥቅም ከዚህች የ9ኛ ክፍል ልጅ በተሻለ በአንድ ገጽ የነገረኝ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው። ይህ ገጽ የት ይታተም? በየትኛው መጽሔት? ማን ያንብበው?

«ሚኒ ሚዲያ አለ አይደለም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ፤ ድምፅ ማጉያው ከሠራ አለ። በእረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ይቆሙና ከሌላ ቦታ የተቀዳ «ያውቃሉ?» ያነባሉ፣ ዘፈን ይመርጣሉ፣ ርእሰ መምህሩ የሰጧቸውን ማስታወቂያ ያስተላልፋሉ። ግጥም ከተነበበም ቀድሞ በአስተባባሪው መምህር ታይቶ፣ ታሽቶ፣ ሹል ሹሉ ተቆርጦ ነው።

«የትምህርት ቤት መጽሔትስ?» እሱም አቅም ባለበት ቦታ ለወላጆች በዓል ይታተማል። እስቲ ግለጡት። አንደኛ ገጽ፦ የርእሰ መምህሩ መልእክት ከነፎቶግራፋቸው። ሁለተኛ ገጽ፦ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው መልእክት፣ እሱም ከነፎቶግራፋቸው። ሦስተኛ ገጽ፦ የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ። ቀጥሎ የተመረቀው ክፍል፣ የተቆረጠው ሪባን፣ የተጎበኘው ቤተ መጻሕፍት። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ከቀልድና ከእንቆቅልሽ መካከል ተጨንቆ አንድ የተማሪ ግጥም ይገኛል። ርዕሱ? «አገሬ»። ወይም «መምህሬ»። ወይም «ትምህርት ነው ብርሃን»። ልጁ የጻፈው አይምሰላችሁ። አዋቂው ልጅ ቢሆን ኖሮ ይጽፈው የነበረውን ልጁ ገምቶ የጻፈው ነው። ልጆቻችን ሞኞች አይደሉም፤ ምን እንደሚፈለግባቸው ያውቃሉ።

በጎ አድራጊ ድርጅቶቹም ከዚሁ አይርቁም። የድርሰት ውድድር ያዘጋጃሉ፤ ርዕሱ ከፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ ተገልብጦ ይመጣል። ያሸነፈው ልጅ ቦርሳና ካናቴራ ይሸለማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ፎቶው ለለጋሹ ይላካል። ድርሰቱ የት ደረሰ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ ሰው አታገኙም።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ተማሪ ለሐምሌ 16 ልደትና ለዘውድ በዓል ግጥም ይጽፍ ነበር። አብዮቱ መጣ፣ ለመስከረም 2 ጻፈ፤ ኪነት ተብሎ ተደራጅቶ ጎራዴውን እየመዘዘ ኢምፔሪያሊዝምን አወገዘ። ኢሕአዴግ መጣ፣ ለግንቦት 20 ጻፈ፤ ስለ ኤችአይቪ ጻፈ፤ በ2000 ለሚሊኒየሙ፣ ከ2003 ጀምሮ ለህዳሴው ግድብ ጻፈ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ስለ ችግኝ ይጽፋል። ርዕስ ሰጪው ተቀያየረ እንጂ ርዕስ መስጠቱ አልተቀየረም። ግድቡንም ችግኙንም አልጠላሁም፤ ኤችአይቪም ስንቱን ጨርሷል፣ ይጻፍበት። ልጅ ሲፈልግ ነው መጻፍ ያለበት። ስድሳና ሰባ ዓመት ሙሉ ለልጅ ርዕስ ስንሰጥ «አንተስ ምን ልትለን ፈለግህ?» ያልነው መቼ ነው?

አንድ ጊዜ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልጆች ባይሆኑም ለጋ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን ግጥም ያቀርቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ ቆመ። ርዕሱን ማንም አልሰጠውም። ከዚያ በኋላ የግጥም መድረኩ በመንግሥት ዘንድ በበጎ ዓይን መታየቱ አበቃ። ያኔ ያደመጠ ሹም ቢኖር ኖሮ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የመጣበት ነገር ባላስደነገጠው ነበር። እረኛ ምን አለ ማለት ይኼ ነው።

ይህ ክፉ ልማድ የተወረሰ ነው እንዳትሉኝ፣ አባቶቻችን እንዲህ አላደረጉም። ከላስታ አጠገብ ያለችው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ ቤት ናት። የቅኔ ቤት ምንድን ነው? የታዳጊዎች የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ተማሪው አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ቁራሽ ይለምናል፤ ሲቀምስ ዱር ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት። ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። መምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል። መምህሩ ያርሙታል፣ ያፈርሱታል፣ ጥሩ ከሆነ ደስታቸውን አይደብቁም። ሕጉም የታወቀ ነው፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሰው ይዞ የመጣ ይዋረዳል።

እስቲ አስቡት፤ በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን የሰው ቃል ደግሞ ያለ ተማሪ አንደኛ ይወጣል። በቅኔ ቤት ግን ውርደት ነው። ለማኝ የምንለው የቆሎ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲፈጥር ሲጠበቅበት፣ ዩኒፎርም ለብሶ የሚማረው ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተጠበቀበትም።

የቅኔ ቤትን ጉድለት አልደብቅም። ቋንቋው ግእዝ ነው። በሩ ለሴት ልጅ ጠባብ ነበር፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ የቅኔ መምህርት መውጣታቸው የእሳቸውን ብርታት እንጂ የበሩን ስፋት አያሳይም። የዕለቱ በዓልም ርዕስ ይሰጣል። ይሁንና ልጁ በሰሙ በዓሉን እያከበረ በወርቁ ረሃቡን፣ የሹሙን ግፍ፣ የመምህሩን ቁጣ ሊያስገባ ይችላል፤ ካስገባም ይደነቅለታል እንጂ «ከርዕስ ወጥተሃል» አይባልም። ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው፤ የተባለው ሁሉ ከአየር ጋር ቀረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. ባያሳትሙ ኖሮ ዛሬ በእጃችን ያለው እንኳ ባልኖረ። የልጆቹን ማ ይሰብስብ? ስንት ሺህ ልጅ በስንት ሺህ ማታ የነገረው ቅኔ ዋድላ ተራራ ላይ ቀርቷል። ማተሚያ ሲመጣ እንግዲህ ይህ ጉድለት ይሞላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይፈረድበትም። እኛ ማተሚያውን አስገባንና ቅኔውን አስወጣን።

«ገንዘብ የት አለ? ወረቀት ውድ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ወረቀት ውድ ነው። ግን ላሊበላ ሆኜ ያችን ደብተር ስዘጋ ትዝ ያለኝ ቬደም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች አይሁዶችን ባጎሩባት በቼኳ ቴሬዚን ከተማ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የታጎሩ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች መጽሔት ያወጡ ነበር። ስሙ «ቬደም»፣ «እንመራለን» ማለት ነው። ዋና አዘጋጁ ፔትር ጊንዝ የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። መጀመሪያ በታይፕ ጻፉት፤ የታይፑ ሪባን ሲያልቅ በእጅ ጻፉት። አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው፤ ዓርብ ማታ ተሰብስበው ጮክ ብለው ያነቡታል። ግጥም አለው፣ ሥዕል አለው፣ ቀልድ አለው፣ የሰፈሩን ጉድ የሚያወራ ዘገባ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1944 በየሳምንቱ ወጣ። በዚያ ክፍል ካለፉት መቶ ገደማ ልጆች ከጦርነቱ የተረፉት አሥራ አምስት ያህል ናቸው። ፔትር በአሥራ ስድስት ዓመቱ አውሽቪትዝ ተገደለ። ከመጽሔቱ ግን ስምንት መቶ ያህል ገጽ አንዱ ልጅ ደብቆ አትርፎታል፤ ዛሬ ይነበባል።

እነዚያ ልጆች ሞት ደጃፋቸው ቆሞ፣ ወረቀት ለምነው፣ በእጃቸው ጽፈው መጽሔት አወጡ። እኛ «በጀት አልተያዘለትም» እንላለን። በነገራችን ላይ አጠገባቸው አንድ መምህር ነበራቸው፤ ቫልትር አይዚንገር ይባላል። ያበረታቸው ነበር፤ መጽሔቱን ግን ለልጆቹ ተወላቸው።

«አሁን እኮ ፌስቡክ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ቲክቶክ አለ፤ የፈለገ ይጽፋል» የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉት በአብዛኛው አዲስ አበባ ተቀምጠው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲፈነዳ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ዓመት ያህል መቆየቱን ረስተውታል። ሲኖርስ ቢሆን ማን ያርመዋል? ማን «ይህችን ዐረፍተ ነገር እስቲ እንደገና ሞክራት» ይለዋል? የዛሬ ሳምንት የተለጠፈውን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማን ያገኘዋል? ስልክ ላይ የተጻፈ መቶ ሰው «ላይክ» አድርጎት ያልፋል። ቀጭን መጽሔት ላይ ስሙን በቀለም ታትሞ ያየ ልጅ ግን ቤቱ ወስዶ ለእናቱ ያሳያል፤ ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ጣቷን ታሳርፍበታለች።

የመጨረሻው መከራከሪያ ተረት ነው፦ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»። ያልበሰለ ጽሑፍ ለምን ይታተማል ነው ነገሩ። እሺ፣ አይብቃ። ግን ቡሃቃ ያልነካ ልጅ መቼ ማቡካት ይማራል? ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ገና ተማሪ ሳለ ከመጀመሪያዎቹ አጫጭር ልቦለዶቹ አንዱን ያተመችለት ፔንፖይንት የምትባል የማኬሬሬ ተማሪዎች መጽሔት ናት። ሌሎች አገሮች ደራሲ ከሰማይ ዱብ እንዲል አይጠብቁም። እኛ አርባ ዓመት እስኪሞላው ችላ ብለነው፣ ተበድሮ የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲያሳትም «ብስለት ይጎድለዋል» ብለን ሂስ እንጽፍበታለን።

ለሕፃናትስ አባባ ተስፋዬ ነበሩላቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጠው ተረት ያስነግሯቸው ነበር። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አስጭነው ለልጆች አደረሱ። ለአዋቂ ደግሞ ይብዛም ይነስም ጋዜጣው፣ የግጥም ምሽቱ አለ። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላለው ግን ፈተና ብቻ ነው ያዘጋጀንለት። ፈተናውም ቢሆን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አንድ አንቀጽ እንኳ በእጁ አይጽፍም፤ ከተሰጠው አማራጭ አንዱን ይመርጣል። እኔ ከላሊበላ በተመለስኩ በሳምንታት ውስጥ፣ በጥር 2015 ዓ.ም.፣ የዚያ ዓመት ውጤት ተነገረ፤ ከተፈተነው ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው ተባለ። አገር ደነገጠ። ስለ ኩረጃ ተወራ፣ ስለ መምህራን ብቃት ተወራ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ተወራ። ሁሉም ልክ ነው። ግን አሥራ ሁለት ዓመት የራሱን ሐሳብ እንዲያወጣ ያልተጠየቀ ልጅ ምን ዓይነት ሐሳብ እንዲኖረው ነበር የጠበቅነው?

የሥዕሉን ነገርማ ባላነሣው ይሻላል። የቤተ ማርያምን ጣሪያ ሥዕል፣ የቤተ ጎልጎታን የቅዱሳን ቅርጽ በአንገታችን እንኮራበታለን። ከዚያ ጥላ ሥር ያደገው ልጅ የሥዕል ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይወሰድበታል። ላሊበላ ውስጥ በአንድ አጥር ላይ በከሰል የተሣለ ታንክ አይቻለሁ። ከታንኩ አፈ ሙዝ ላይ ወፍ ተቀምጣለች። ሠዓሊው አጥሩ ሲቀባ ይገረፋል እንጂ ወረቀት የሚሰጠው አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ራሴን ልክሰስ፤ ሌላውን ብቻ መክሰስ ደግ አይደለም። በማስተምርበት ዘመን የአንድ ትምህርት ቤት መጽሔት የግጥም ውድድር ዳኛ አድርጎ ጠርቶኝ ነበር። አንድ ልጅ ስለ አባቱ ጫማ ጽፎ ነበር። አባቱ ሞቷል፤ ልጁ ማንም በሌለበት ጫማውን እያጠለቀ ስንት ጣት እንደቀረው ይለካል። እኔ ምሁሩ «ጭብጡ ጠባብ ነው» ብዬ ሦስተኛ እንኳ ሳላደርገው ቀረሁ። አንደኛ ያወጣሁት ስለ ዓባይ የተጻፈውን ነው። ዛሬ ከዓባዩ ግጥም አንዲት ቃል ትዝ አትለኝም። ጫማው ግን ይኸው ይከተለኛል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ጽፎ ይሁን ትቶት አላውቅም። ትቶት ከሆነ እጄ አለበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አራት ሉክ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። በመንፈቅ አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ስድስት ገጽ ያውጣ። ፎቶ ኮፒ ካለ በፎቶ ኮፒ፤ ከሌለ በእጅ ተጽፎ በአንድ ቅጂ ዓርብ ከሰዓት ይነበብ። የአዋቂ መልእክትና ፎቶግራፍ አይግባበት፤ አንድም። ርዕስ አይሰጥ። መምህሩ ፊደልና ነጥብ ያርም፣ ይጠይቅ፣ ይምከር፤ ከዚያ ያለፈውን ልጁ ካልፈቀደ አይንካ። አዘጋጆቹ ተማሪዎች ይሁኑ፣ ግማሾቹ ሴቶች። ስሙን መግለጥ የፈራ በብዕር ስም ይጻፍ፤ ዘመኑ ክፉ ነውና መምህሩም ልጁም ሊጠበቁ ይገባል። አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ ወመዘክር ይቀመጥ። የደራሲያን ማኅበራችንም በየዓመቱ ከየአገሩ የመጣውን አንብቦ አንድ ጥራዝ ቢያወጣ ከሻማ ማብራት በዓል የበለጠ ይታወስ ነበር።

ለምን ቸኮልክ የሚለኝ ካለ ምክንያቴን ልንገረው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በቀጠለው ግጭት በአማራ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ላስታ በአሥር ዓመት ውስጥ ወረርሽኙንም፣ ጦርነቱንም፣ ሌላ ጦርነትም አይቷል። ይህን ሁሉ በአሥራ አራት ዓመት ዓይን ያየ ትውልድ አለ። ስለ እሱ የውጭ ጋዜጠኛ ይጽፋል፣ የርዳታ ድርጅት ሪፖርት ይጽፋል፣ እንደ እኔ ያለው አምደኛም ይጽፋል። እሱ ራሱ ግን አንድ ገጽ የለውም። ሃያ ዓመት ሲቆይ «ያኔ ምን ሆናችሁ ነበር?» ብለን ብንጠይቀው አዋቂ ሆኗል፤ እንደ ሹሙ ያማረ ያማረውን፣ እንደ ሽማግሌው የተመዘነውን ይነግረናል። የእረኛው ቃል ግን ያኔ የለም።

ያችን የ9ኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን ስመልስላት «ስትመለሱ ዶሮዋ ምን ሆና አገኛችኋት?» አልኳት።

«እሱን አልጻፍኩትም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«መምህር አንድ ገጽ ብቻ ጻፉ ብለው ነበር፤ ገጹ አለቀብኝ።»

ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። በአፏ ነግራኝ እንድትገላገለው አልፈለግኩም፤ እንድትጽፈው ነበር የፈለግኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ዶሮዋ ምን እንደሆነች አላውቅም።

ቸር ወሬ ያሰማን።